ከብር ወንበር እስከ ሕፃን ቁመት፦ በሰቆጣ የምረቃ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አንድ የአካባቢ አስተዳዳሪ ለሕዝቡ ምን ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ጠያቂው ምን ሊቆጥር እንደፈለገ ነው፤ ሰቆጣ ያለችበት ዋግም ገዥዎቹንና አስተዳዳሪዎቹን የመዘነበት መለኪያ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። ዛሬ በሰቆጣ የሚመረቁት ወጣቶች ነገ በየቀበሌው ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹም አስተዳዳሪዎች መሆናቸው ስለማይቀር፣ ሥራቸው በየትኛው ሚዛን እንደሚመዘን ገና ከጅምሩ ማወቃቸው ተገቢ ነው።

የቀደመው መለኪያ ለዙፋን ያለው ቅርበት ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፣ መንግሥት በ1262 ዓ.ም. ከዛግዌ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲተላለፍ የዛግዌ ወገን የሆኑት የዋግ ገዥዎች «ዋግሹም» በሚለው በዘር በሚወረስ ማዕርግ አገራቸውን እንዲያስተዳድሩ፣ በንጉሠ ነገሥቱም ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ከዚህ ቤት የወጣው ዋግሹም ጎበዜ፣ አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ካስገደሉት በኋላ ሸፍቶ፣ ከመቅደላው ፍጻሜ ቀጥሎ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሦ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሳም ላይ በሚስቱ በድንቅነሽ ምርጫ ወንድም፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት በካሣ ምርጫ ድል ሆነ። ከዚያ ወገን የሆነው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ በጣልያን ወረራ ዘመን ሕዝቡን አስነሥቶ ሲዋጋ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ወድቆ ራሱ ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ በአደባባይ ታየ። እነዚህ ስሞች ክብር ይገባቸዋል፤ ሆኖም ዘመቻንና ዙፋንን ሲቆጥር የኖረው መዝገብ በዝቋላ ቆላ ያለች እናት በዚያው ዓመት ለልጇ ምን እንዳበላች አልጻፈም።

ቀጥሎ የመጣው መለኪያ ኩንታል ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር አንድ አውራጃ የነበረው ዋግ እጅግ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ አንድ አስተዳዳሪ «ሠራ» የሚባለው ለአካባቢው ስንት ኩንታል እህል እንዳስመጣ እየታየ ሆነ። ይህን ማቃለል አይገባም፤ በጊዜው የተነገረ ችግርና በጊዜው የደረሰ እህል ነፍስ ያድናል፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔትም፣ ማለትም ችግረኛው ቤተሰብ በሕዝብ ሥራ እየተሳተፈ በየዓመቱ አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ የሚያገኝበት ሥርዓት፣ ጥሪትን ከመሸጥ ብዙ ቤት ጠብቋል። ነገር ግን የመጣ ኩንታል የሚመሰክረው ከውጭ ስለተገኘው ነገር ነው፤ በቤት ውስጥ ስላለው ሕፃን ዕድገት የሚናገረው ጥቂት ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህች ከተማ ስም የተሰየመውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲያውጅ ሌላ መለኪያ በጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቃሉ እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ማስቀረት ነው። መቀንጨር ሲባል ሕፃን በተደጋጋሚ የምግብ እጥረትና በሽታ ምክንያት ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳይደርስ መቅረቱ ሲሆን፣ ከመክሳት የሚለየው መክሳት በጥቂት ሳምንታት የሚመጣ፣ ታክሞም ሊመለስ የሚችል መመናመን ሲሆን መቀንጨር ግን ከፅንስ ጀምሮ በሚቆጠሩት 1000 ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀምና ከዚያ በኋላ ለመካስ እጅግ የሚያስቸግር ጉዳት በመሆኑ ነው። ጉዳቱ በቁመት አያበቃም፤ የአእምሮን ዕድገት፣ የትምህርት አቀባበልንና በጉልምስና የሚኖረውን የመሥራት ዐቅም ይነካል። በ2001 ዓ.ም. መረጃ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ የአፍሪካ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ጎልማሶች 67 በመቶው በልጅነታቸው ቀንጭረው እንደነበረና አገሪቱ በምግብ እጥረት ሳቢያ በዓመት ከጠቅላላ ምርቷ 16.5 በመቶ ያህል እንደምታጣ ገምቷል።

መለኪያው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሕፃኑ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በጀርባው ይተኛል፤ አንዱ ሰው ጭንቅላቱን ከማይንቀሳቀሰው ራስጌ ጋር አስጠግቶ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን በእጁ ጫን አድርጎ የሚንሸራተተውን ግርጌ ከውስጥ እግሩ ጋር እስኪገጥም ይገፋል፣ ሕፃኑ እያለቀሰና እየተወራጨ ሳለ ቁጥሩ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ይነበባል። ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ቁመቷ ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀንጭራለች ይባላል፤ በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ የእኩዮቿ መካከለኛ ቁመት ግን ወደ 86 ሴንቲ ሜትር ነው። ዕድሜ በሁለት ወር ከተሳሳተ ፍርዱም ስለሚሳሳት፣ እናት «የማርያም ዕለት፣ እህል ሲታጨድ» ብላ የምትናገረውን የልደት ቀን በትዕግሥት ወደ ወርና ቀን መልሶ የሚመዘግብ ሠራተኛ የመላው ሥራ መሠረት ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ በ1992 ዓ.ም. ከ5 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 በመቶ ቢወርድም የአማራ ክልል በ46 በመቶ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የክልሉ 41፣ የአገሪቱ 37 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ በክልሉ ከ100 ሕፃናት 41ዱ ቀንጭረው መቅረታቸውም እንዲሁ።

ይህ ቁጥር ለአንድ አስተዳዳሪ ከሌላው የአፈጻጸም ሪፖርት ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ጤና ጣቢያው፣ ምንጩ፣ ማሳው፣ መንገዱ፣ የሴቶች የሥራ ጫናና የትምህርት ቤቱ ጉዳይ በአንድ ሕፃን ቁመት ላይ ተደራርበው ስለሚታዩ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ኃላፊነቱን በሌላው ላይ ሊጥል አይችልም። ከዚህ ሌላ 1000 ቀናት ወደ 3 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሲሆን፣ የወረዳ ኃላፊ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ይዛወራል፤ ስለዚህ ሥራውን የጀመረው ሰው ፍሬውን ሳያይ ሊሄድ፣ ያልሠራውም ሊመሰገንበት ይችላል። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤትም ሆነ የወረዳ ምክር ቤቶች ኃላፊን ሲሾሙ የቀድሞውን ኃላፊ የሕፃናት መዝገብ በርክክብ ሰነድ ውስጥ እንደ ንብረት ቢያስገቡት፣ ይህ የሚጠይቀው ወጪ የለም፣ የሚያስገኘው ተጠያቂነት ግን ብዙ ነው።

ቅድሚያ ሊሰጠው ከሚገባው ነገር መካከል ውኃን የሚቀድም የለም። ሰቆጣ ወደ 2200 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም መሬቱ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሐላ በኩል እየወረደ እስከ ተከዜ ሸለቆ ሙቀት ይደርሳል፤ ክረምቱ አጭር ነው፣ የወረደውም ዝናብ ከተራቆተ ተዳፋት ላይ በጥቂት ሰዓት ወርዶ ያልቃል። እናት ውኃ ስትቀዳ የምታጠፋው ሰዓት ሕፃኗን ከምታጠባበትና ከምታበላበት ጊዜ ተቀንሶ ነው፤ ካልተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ውኃ የሚያስከትለው ተቅማጥም የተበላውን ምግብ ከሰውነት ያስወጣል። ስለዚህ እህል በሞላበት ቤት እንኳ ሕፃን ሊቀነጭር ይችላል። እዚህ ላይ ያለፈውን ስሕተት ማስታወስ ይጠቅማል፦ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአማራና በትግራይ በየቤቱ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ በዘመቻ ሲቆፈር ሪፖርቱ የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ቆጠረ፤ ብዙዎቹ ውኃቸው ወደ መሬት ሰርጎ ሲደርቁ ግን ውኃ የያዙትን የሚቆጥር አልተገኘም። ገበሬው ለማያምንበት ጉድጓድ ያፈሰሰው ጉልበት በቀጣዩ ዘመቻ ላይ ያለውን እምነት አሳጥቶታል፤ ይህ በቁጥር የማይገባ ኪሳራ ነው። ዛሬም አንድ የቧንቧ ቦኖ ሲመረቅ ሪባን ከመቁረጥ ይልቅ በሁለተኛው ዓመት በግንቦት ውኃ መስጠት አለመስጠቱ ቢመዘገብ፣ የአስተዳዳሪው ሥራ በእውነት ይታወቃል።

ምግብን በተመለከተ ዋግ ባዶ እጁን አይደለም። የአበርገሌ ፍየል በወተቱም በሥጋውም የታወቀ ዝርያ ነው፤ የደጋው ማር፣ የቆላው የዕጣን ዛፍና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከኋላው ባኖረው ሐይቅ ውስጥ የሚሰገረው ዓሣ ሁሉ የቤት ገቢ ናቸው። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ዐይነት መሬት የሚስማማ ዘርና እንስሳ ሲያጠና ቆይቷል። ችግሩ ያለው ፍየሏ ከታለበች በኋላ ወተቱ የሚሄድበት ቦታ ላይ ነው፤ እንቁላሉም፣ ማሩም፣ ዓሣውም ወደ ገበያ ሲወጣ ሕፃኑ በሽሮና በቂጣ ይቀራል። በጾም ወራት ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ አትልም፤ ይሁን እንጂ እናት የጾሙን ዕቃ በወተትና በእንቁላል ላለማስነካት ስትል ለሕፃኗ ለብቻ ሳታበስል ትቀራለች፣ በዚህም ምክንያት ረጅሙ ዐቢይ ጾም ለጨቅላው የ55 ቀን እጥረት ይሆንበታል። ይህን ሊፈታ የሚችለው የወረዳ ደብዳቤ ሳይሆን የንስሐ አባት ቃል ነው፤ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ማሰሮ ለይቶ ማስቀመጥ በደል አለመሆኑን ካህኑ በሰንበት ሲናገር ከብዙ ስልጠና የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ትምህርቱም በአማርኛ ብቻ መሆን የለበትም፤ በኽምጥኛ አፏን የፈታች እናት ስለ ልጇ ገንፎ በገዛ ቋንቋዋ ስትሰማ ጥያቄዋን ሳታፍር ትጠይቃለች።

ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ወደ ዋግ ዘልቆ ሲገባ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ የ2015 ክረምት ዝናብ ሲቀር ደግሞ ሰሐላ፣ ዝቋላና አበርገሌ እንደገና በድርቅ ተመቱ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መለኪያው ሰሌዳውን ትቶ ወደ ክንድ ይዞራል፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ የክንድ መለኪያው ቴፕ ቀይ መስመር ላይ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር መታከም አለበት። ሰላም የሌለበት አካባቢ የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሊፈጽም አይችልም፤ ይህን በግልጽ መናገር የማንኛውም የዋግ አስተዳዳሪ የመጀመሪያ ግዴታ ነው፣ ሕዝቡ የሚጠይቀውም ይኸንኑ ነው።

የሚመረቁት ወጣቶች በጤና ኬላ፣ በግብርና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲመደቡ የሚጠየቁት ቁጥር በመቶኛ የተሞላ ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። ያልተለካን ሕፃን ተለካ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የበላይ ኃላፊን ደስ ያሰኛል፣ ግምገማም ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ግን ምክር ቤቱ በጀቱን ምንጭ ለሌለው ጎጥ እንዳያዘዋውር ዐይኑን ይጋርድበታል፣ ጉዳቱም ሳይጻፍ በቀረው ሕፃን ላይ ይወድቃል።

ቃሉ በተሰጠበት ክረምት በሰቆጣ የተወለደች ልጅ፣ ቃሉ በሚያበቃበት በ2022 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ሻደይ የሚባለውን ሣር በወገቧ አስራ ከእኩዮቿ ጋር ስትጨፍር 15 ዓመት ይሆናታል። በዚያው ሳምንት በሰፈሯ ጤና ኬላ አንድ ገና 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይተኛል፤ ግርጌውን ገፍቶ ቁጥሩን የሚያነበው ሰው ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከሚወጡት አንዱ ይሆናል።