ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያመነታ ሞተር



አንድ አሮጌ ፒክ አፕ ጭነት የያዘ የጭነት መኪና ለመቅደም ወደ ግራ ከወጣ በኋላ፣ ሹፌሩ የቤንዚን ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩ ለአንድ አፍታ ቢያመነታ፣ ነገሩ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ያችን አፍታ አይጠብቅም። ይህም ሆኖ በብዙ ጋራዥ ምርመራው የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ «ካርቡሬተሩ አርጅቷልና ይለወጥ» ይባላል። ባለንብረቱም ገንዘቡን ከፍሎ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙ አብሮት ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው፣ 2,366 ሲ.ሲ. የሚይዘው ባለ 22አር ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ሹፌሩ ይጠየቅ። የሚያመነታው ፔዳሉ በተረገጠበት ቅጽበት ነውን? ወይስ ዳገት ላይ ፔዳሉ ተረግጦ ከቆየ በኋላ? ሁለተኛው ከሆነ ነዳጅ እያጠረው ነውና ፊልትሮውና የቤንዚን ፓምፑ ይታዩ፤ ቀጥሎም ካንዴላው።

አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው። የአየር ማስገቢያው ክዳን በድንገት ሲከፈት አየሩ ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚኑ ግን ከአየር የከበደ በመሆኑ ይዘገያል፤ ከፊሉም በማስገቢያው ቱቦ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ይህን ጉድለት የምትሞላው በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ፓምፕ ናት። ጎማዋ ወይም ቆዳዋ ሲደርቅ ሞተሩ ያመነታል። ለመመርመር ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፤ ሲጋራም ሆነ እሳት በአጠገቡ አይኑር። የአየር ማጣሪያው ተነሥቶ፣ የቤንዚን መስጫው ክንድ በእጅ ሲንቀሳቀስ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወዲያውኑ መፈንጠቅ አለበት። ዘግይቶ ቢመጣ ወይም ቢንጠባጠብ በሽታው ተገኘ፤ የሚለወጠውም ፓምፕዋ እንጂ ካርቡሬተሩ በሙሉ አይደለም።

ጅረቱ ደኅና ከሆነ ፊት ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይዙር። የእሳቱን ጊዜ የሚያስቀድመው ስስ ሽፋን ከተቀደደ ሞተሩ ያው ማመንታት ያሳያል። ከካርቡሬተሩ የሚመጣው ቀጭን ቱቦ ተነቅሎ በአፍ ሲሳብ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ሰሌዳ መንቀሳቀስ፣ የቱቦው ጫፍ በምላስ ሲዘጋም ባለበት መቆየት ይገባዋል። ይህ ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሆኖም የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። እዚያ ነዳጁ ተቀንሶ የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፤ አዲስ አበባ ላይ በቂ መስላ የነበረች ደካማ ፓምፕም ድክመቷ በቆላው ይገለጣል። ስለዚህ በቆላ የሚሠራ መካኒክ ብሎን ከማዞሩ በፊት መኪናው የተስተካከለው የት እንደሆነ ይጠይቅ።