የተለዋዋጭ ባሕርይና የኮምፓይለር ስሕተት



ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጆን ባከስ መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ለአይ.ቢ.ኤም. 704 ኮምፒዩተር ከቀረበ ወዲህ ብዙ ቋንቋዎች መጥተው አልፈዋል። እርሱ ግን የአየር ጠባይንና የውሃን ነገር በሚያሰሉ ፕሮግራሞች ዛሬም ይሠራበታል። ስለዚህ በውስጡ የተደበቀ ስሕተት ዳፋው ከማሽኑ አልፎ እስከ ገበሬው ማሳ ይደርሳል።

የወለጋ ዝናብ በብዛት በክረምት ይወርዳል፤ በዴዴሳ፣ በአንገርና በፊንጫ ወንዞች በኩልም ወደ ዓባይ ይገባል። የነቀምቴን፣ የጊምቢንና የሻምቡን የሐምሌ ዝናብ በየተራ የሚደምር ንዑስ ፕሮግራም ይታሰብ። ለምሳሌ ያህል እውነተኛው ድምር 400፣ 300 እና 250 ሚሊ ሜትር ይሁን። ኮምፒዩተሩ ግን 400፣ 700 እና 950 ብሎ ያትማል። የመጀመሪያው ከተማ ትክክል በመሆኑ ስሕተቱ በቀላሉ አይታይም፤ በዚህ ቁጥር ተመርቶ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ግን ለሻምቡ ከእውነተኛው 4 እጥፍ ገደማ ዝናብ ይገምታል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ኮምፓይለሩ ተበላሽቷል» ይላል። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ እንዲሉ፣ ከክሱ በፊት ምርመራው ይቀድማል። በመጀመሪያ የከተሞቹ ተራ ይለወጥ። ሻምቡ ቀድሞ 250 ከወጣ፣ ጥፋቱ የመረጃው ሳይሆን ከጥሪ ወደ ጥሪ የሚተላለፍ ትርፍ ነው። ቀጥሎ ድምሩን የሚይዘው ተለዋዋጭ የታወጀበት መስመር ይነበብ። ከፎርትራን 90 ወዲህ ባለው ደንብ፣ በንዑስ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ተለዋዋጭ በማወጃው መስመር ላይ ዜሮ ከተሰጠው ‹ሴቭ› የተባለውን ባሕርይ ሳይጠየቅ ያገኛል። ይኸውም ዋጋውን ለሚቀጥለው ጥሪ ይዞ ይቆያል፤ ዜሮውም የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ኮምፓይለሩ ደንቡን ፈጸመ እንጂ አልበደለም። መድኃኒቱም ዜሮውን ከማወጃው አንሥቶ በሥራ ትእዛዞቹ መጀመሪያ ላይ ማኖር ነው።

ይህ ተደርጎም ትርፉ ከቀጠለ፣ ስሕተቱ እስካልጠፋ ድረስ ፕሮግራሙ በመስመር በመስመር ይቀነስ፤ የድርድሮቹ ወሰን ታልፎ እንደ ሆነ ይፈተሽ፤ ኮምፓይለሩ ለፍጥነት የሚያደርገው ማሻሻያ ተነሥቶ ይሞከር፤ ሌላ ኮምፓይለርም ይጠየቅ። የውጤት መለያየት ግን ምልክት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው ደንቡን የጠበቀ አጭር ፕሮግራምና ከደንቡ የወጣ ውጤት ጎን ለጎን ሲቀርቡ ነው። የኮምፓይለሩም አዘጋጆች ሊያርሙት የሚችሉት እንዲህ ያለውን አቤቱታ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ከመጀመሪያው ከተማ ይልቅ የሁለተኛውን ድምር በእጅ አስልቶ ማመሳከር የባለሙያ ግዴታ ነው።