ስለ ሰገራ ቤት ጕድጓድ ቦታ አመራረጥ
በሁሩታ ለመምህራንና ለተማሪዎች ወላጆች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በሸንጎ ስሙን ለመጥራት የሚያሳፍር ነገር ልነግራችሁ ቆሜአለሁ፤ ነገሩም ሰገራ ቤት ነው። ነገር ግን ከሚያሳፍረን ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል፤ የልጆቻችን የመጠጥ ውሃና የሰገራ ቤታችን ጕድጓድ የሚገናኙት እኛ በማናየው ስፍራ፥ ከመሬት በታች ነውና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓመት በሎንዶን ከተማ፥ ብሮድ ስትሪት በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በዐሥር ቀን ውስጥ 500 ያህል ሰው ፈጀ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት እየዞረ ቢመረምር፥ አብዛኞቹ ከአንድ ጕድጓድ የቀዱ ሆነው አገኛቸው። ኋላም በአጠገቡ ያለው ቤት የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሲቈፈር፥ ከውሃው ጕድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር፤ ግንቡም ፈራርሶ እድፉ ወደ ውሃው ይሰርግ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዎቹ ያን ውሃ ይወዱት ነበር፤ ከሩቅ ሰፈር እያስመጣ የሚጠጣውም ነበረ። እንግዲህ ዓይንና ምላስ በዚህ ነገር የሚታመኑ ዳኞች አይደሉም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የጭላሎና የባዳ ተራሮች ከጥንት እሳተ ገሞራ የተነሡ ናቸው፤ ስለዚህ በአርሲ ምድር አንዱ ማሳ ቀይ አፈር፥ ሌላው ጥቁር፥ ሌላው ደግሞ ከጥቂት ክንድ በታች ዐለት ይሆናል። ማወቅ የምትፈልጉ እንደ ሆነ ከጕድጓዱ አፈር ጥቂት አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መካከል አሹት። ሳይበጠስ እንደ ቀጭን ገመድ ከረዘመ ጭቃነቱ ብዙ ነው፤ ከፈራረሰም አሸዋ አለበት።

ኮቲቻ የምትሉት ጥቁር አፈር ብዙ ሰው ያታልላል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እጅ ያስገባል። ሰውም በጥር ሥራ ሲፈታ ይቈፍርና «ደረቅ ነው፥ ጥሩ ነው» ብሎ ይደሰታል። ክረምት ሲገባ ግን አፈሩ አብጦ ይደፈናል፤ ውሃ አልጠጣም ይላል፤ ጕድጓዱም ሞልቶ ወደ ደጅ ይፈሳል፥ ግድግዳውም ይናዳል። በእኔ አሳብ የሰገራ ቤት ስሕተት ከግማሽ የሚበልጠው በበጋ በመመርመር የሚመጣ ነው።

ስለዚህ መሬቱን በውሃ ፈትኑት። ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ትንሽ ጕድጓድ ቈፍራችሁ፥ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ አፈሩ ጠጥቶ ይጥገብ። በማግሥቱ እንደ ገና ውሃ ጨምራችሁ፥ ምልክት ያለበት እንጨት አቁማችሁ ሰዓት ያዙ። ውሃው 2.5 ሴንቲሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ከፈጀበት፥ ያ መሬት ፍሳሽ አይቀበልም፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ የተገነባ ሰገራ ቤት ይሻላል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከወረደ ደግሞ አትደሰቱ፤ እንዲህ የሚሮጥ ውሃ አይጣራም፥ በዓይን የማይታየውን ተውሳክ ይዞት ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስፈራው የተሰነጠቀ ዐለት ነው። በእርሱ ላይ በክንድ የሚለካ ርቀት ዋስ አይሆንም፤ ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ የተደፈነ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የሰገራ ቤቱ ወለል ውሃው ከሁሉ ይልቅ ከፍ ከሚልበት ልክ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ ይሁን፤ ከውሃ ጕድጓድና ከምንጭም ቢያንስ 30 ሜትር፥ ማለት 60 ክንድ ያህል ይራቅ፤ ይልቁንም ቍልቍል በኩል ይሁን። ውሃው ከፍ የሚለው በክረምት ማለቂያ ነው፤ የሚያዝያ ልክ ለዚህ አይረባም። በበጋ ለመቈፈር የተገደደ ሰው የአፈሩን መልክ ይመልከት፤ በግድግዳው ላይ ግራጫና እንደ ዝገት ያለ ነጠብጣብ ካየ፥ ውሃ በየዓመቱ እስከዚያ እንደሚደርስ ይወቅ። ጥልቅ ጕድጓድ ሊናድ ስለሚችል ሕፃናት ከቶ አይውረዱበት።

ምናልባት «እኛ የቧንቧ ውሃ አለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በሄጦሳ አገር ከባዳ ተራራ ምንጮች የተሳበው ውሃ በ1980ዎቹ ዓመታት ለብዙ መንደር ደርሷል። ነገር ግን ቧንቧው በተቋረጠ ቀን እናት እንስራዋን ይዛ የምትሄደው ወደዚያው ወደ ጥንቱ ጕድጓድ ነው።

መምህራን ሆይ፥ ይህ ለተማሪዎቻችሁ መልካም የሒሳብ ትምህርት ነው። በመስከረም መጀመሪያ ከትልቅ ሰው ጋራ ሆነው በመንደሩ ወዳሉት የውሃ ጕድጓዶች ሁሉ ይሂዱ፤ ንጹሕ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ያውርዱ፤ ከጕድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ፊት ያለውን ልክ በደብተር ይጻፉ። በሚያዝያ ተመልሰው ይለኩ። ሁለቱ ቍጥሮች ጐን ለጐን ሲጻፉ፥ አዲሱ የትምህርት ቤት ሰገራ ቤት የት እንደሚቈፈርና ስንት ክንድ እንደሚወርድ ሽማግሌዎቹ ደብተሩን ከፍተው ይነጋገሩበታል።