ስለ ደዌና ስለ ምስጋና



ባለፈው ዓመት ለስድስት ወር ያህል ድምፄ ከዚህ ማሠራጫ መጥፋቱን ያስተዋሉ ጥቂት አድማጮች ምክንያቱን በደብዳቤ ጠይቀውኝ ነበር። እኔም ለእያንዳንዱ መልስ ከመጻፍ ይልቅ የዛሬውን ንግግሬን ለዚሁ ጉዳይ ማድረግን መረጥሁ።

ሕመሜ የሳንባ ነቀርሳ ነበረ። ከሁለት ወር በላይ ሳስል፥ ብርድ ነው እያልሁ ዝንጅብልና ማር ስጠጣ ከረምሁ እንጂ ወደ ሐኪም አልሄድሁም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። በመጨረሻ ዜና በማንበብ ላይ ሳለሁ ትንፋሼ ተቋረጠና ቀሪውን የሥራ ጓደኛዬ አነበበልኝ። በማግሥቱም ሐኪሙ ሳንባዬ ውኃ መቋጠሩን ነግሮኝ አልጋ አስያዘኝ።

እውነቱን ለመናገር፥ የዚያን ሌሊት ያደረግሁት ጸሎት ሳይሆን ሙግት ነበር። «በድምፁ ለሚኖር ሰው ሌላ ደዌ ጠፍቶ ነውን?» ስል ከፈጣሪዬ ጋር ተከራከርሁ። ጾሙን በልማድ እጾም፥ በዓሉን በነጭ ልብስ አከብር ነበር፤ እምነቴ ከዚያ የማያልፍ መሆኑን ያስታወቀኝ ግን ያ አልጋ ነው።

በአጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ተኝተው ነበር። ዓይናቸው ስለ ደከመ ዳዊት እንዳነብላቸው ለመኑኝ። እኔ ግን አንድ ቁጥር ሳልጨርስ ሳል ያቋርጠኛል። ያን ጊዜ እጃቸውን አንሥተው፥ «በቃህ ልጄ፤ የቀረውን እኔ በቃሌ እወጣዋለሁ» ይሉና ካቆምሁበት ይቀጥላሉ። ሙያዬ ማንበብ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ሲጨርስልኝ መስማት መጀመሪያ አሳፈረኝ፤ ውሎ ሲያድር ግን እጠባበቀው ጀመር። ለካ እስከዚያ ድረስ ቃሉን አነበው ነበር እንጂ አልሰማሁትም!

በዳዊት መጨረሻ ከሚገኙት ከ15ቱ ጸሎተ ነቢያት አንዱ የሕዝቅያስ ጸሎት ነው። ንጉሡ ለሞት ታሞ ከዳነ በኋላ ያቀረበው ምስጋና ሲሆን፥ በሕመሙ ጊዜ የነበረውን ድምፁን ከወፍ ጩኸት ጋር ያመሳስለዋል። ይህን ክፍል በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ ንጉሡን ያወቅሁት ግን የገዛ ድምፄ ሲቀጥን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከፊት ለፊታችን የተኛው ወጣት፥ «አሁን ተሽሎኛል፤ ክኒኑን ትቼ ጸበል እገባለሁ» ብሎ ልብሱን መሸከፍ ጀመረ። ይህ እጅግ አደገኛ ነገር ነው። መድኃኒቱ በመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት፥ በቀጣዩ አራት ወር ሁለት ዓይነት ሆኖ ሳይጓደል ካልተወሰደ፥ የተረፉት ተሐዋስያን ይለምዱትና ኋላ ቢወሰድም አይበግራቸውም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ አስረድቶ ሊመልሰው አልቻለም። የመለሱት ቄሱ ናቸው።

«ልጄ፥ ለሕዝቅያስ 15 ዓመት የጨመረለት ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«እግዚአብሔር ነዋ!» አላቸው።

«የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ ያዘዘውስ?»

ወጣቱ ዝም አለ።

«ኢሳይያስ ነው፤ የተስፋውን ቃል ያመጣለት ያው ነቢይ። አንተ ከነቢዩ ትበልጣለህን? ጸበልህንም ጠጣ፥ በለስህንም ዋጥ!»

በክፍሉ ያለነው ሁሉ ሳቅን፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠብን እንጂ። ወጣቱም ልብሱን መልሶ አስቀመጠ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ለምእመናን ማስረዳታቸው ይታወሳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን አማትቤ እቀበል ነበር። ሮበርት ኮኽ የዚህን ደዌ ተሐዋሲ እ.ኤ.አ. በ1882 ካስታወቀ በኋላ፥ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ1943 እስኪገኝ ድረስ 61 ዓመት አልፏል። በዚያ መካከል ከእኔ የበለጠ እምነት የነበራቸው ስንቶች ጸልየው ሞተዋል! እኔ የዳንሁት ጸሎቴ ከእነርሱ ጸሎት በልጦ አይደለም። ስለዚህም ሳመሰግን ስማቸውን ሳላውቅ እነርሱን አስባለሁ፤ በየማለዳው ክኒኑን ቈጥራ የምታውጠኝን አስታማሚም እንዲሁ።

ቄሱ ከእኔ በፊት ወጡ። እኔም በስድስተኛው ወር መድኃኒቴን ፈጽሜ ወደ ቤታቸው ሄድሁና የሕዝቅያስን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ አነበብሁላቸው። ስጨርስ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «አሁን ደግሞ ፈጠንህ ልጄ፤ እንደ ዜና አታንብበው» ብለው እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ።