በዓይበት አፍ የተገኘ ብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚሻገር ሰው ሁሉ የሃብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ያውቀዋል። ስሙን ያገኘው ከጦር ሚኒስትሩ ከፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው፤ እርሳቸውም በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በጦር መሪነታቸው ብቻ ሳይሆን በፍርድ አዋቂነታቸውም የተመሰገኑ ነበሩ። በዚሁ ድልድይ አጠገብ አንድ ተሸካሚ፥ እንበል፥ ከመርካቶ ያመጣውን አንድ ጆንያ ስኳር ሱቅ ተሳስቶ ከማይገባው በር ያወርደዋል። ባለሱቁም ጆንያውን ወደ ጓዳ ያስገባና፥ «አልሰረቅሁ፥ አልለመንሁ፤ እግዚአብሔር የላከልኝ ሲሳይ ነው» ይላል። ማታ ግን ያ ተሸካሚ የጆንያውን ዋጋ ክፈል ይባላል። ስሕተት ከፋይ አያጣም፤ ከፋዩም ብዙ ጊዜ ከሁሉ የደኸየው ነው።

አባታችን ያዕቆብ ይህን ፈተና ያውቀዋል። ልጆቹ ከግብፅ እህል ሸምተው ሲመለሱ የከፈሉት ብር በየዓይበታቸው አፍ ተገኘ። ዘመኑ የረኀብ ዘመን ነበር። ሽማግሌው ግን ዳግመኛ ሲልካቸው ያን ብር መልሰው እንዲወስዱ፥ ለአዲሱም እህል ሌላ ብር እንዲይዙ አዘዛቸው፤ ምናልባት በስሕተት የሆነ ነው ብሎ ነበርና (ዘፍ. 43፥12)። «ምናልባት» ማለቱን ልብ እንበል። እርሱን ለመመለስ ጥርጣሬ ብቻ በቃው፤ እኛ ግን ያንኑ ጥርጣሬ ለማስቀረት ምክንያት እናደርገዋለን። የዮሴፍም ቤት አዛዥ ብራችሁስ ደርሶኛል ብሎ ባረጋጋቸው ጊዜ፥ ብሩ ያለ ፍርሃት የእነርሱ ሆነ።

በዘመናችንም ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን እናስታውሳለን። በአሠራር ስሕተት ምክንያት ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ፥ ወደ ሌላም አስተላለፉ፤ ባንኩ ኋላ እንደ ገለጸው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ በፈቃዱ የመለሰ አይከሰስም ባለ ጊዜ፥ ከሦስት አራተኛው የሚበልጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ፤ ያልመለሱትን ግን በስማቸውና በፎቶግራፋቸው አስታወቀ። የክርስቲያን ሕሊና ፎቶግራፉ እስኪለጠፍ ይጠብቅ ዘንድ አይገባም ነበር። «ባንክ ባለጸጋ ነው፥ አይጐዳም» ለሚሉም፥ የእህሉ ጐተራ ባለቤት ፈርዖን ከባንክ ያነሰ ድኻ ነበርን ብለን እንጠይቃለን።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2164 ዕዳ ሳይኖርበት የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። ሕጉ ባለቤቱ እስኪጠይቅ ይቆያል፤ የኦሪት ትእዛዝ ግን ከዚህ ያልፋል። ባለቤቱን ባናውቀው እንኳ፥ ፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡን በቤታችን እንድንጠብቅለት ያዛል (ዘዳ. 22፥2)።

አስቀድመን የበላነውስ እንደ ሆነ? ሄደን እንናገር፤ በየወሩም ጥቂት ጥቂት እንክፈል። ለንስሐ አባታችንም አንሰውር፤ ነገር ግን ለንስሐ አባት መናገር ጆንያውን ለባለቤቱ እንደ ማድረስ አይቈጠርም። ከዚያው ስኳር ሽያጭ ለቤተ ክርስቲያን መባ ማግባትም እንዲሁ ነው። ጆንያው አሁንም በጓዳ ነው፤ ተሸካሚውም ነገ ማለዳ በዚያው ድልድይ ያልፋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።