በአንድ ዓይን የሚሠራ እጅ
(ወልቂጤ ላይ ለሙያ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር)



አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ብዕር አቁሞ ይያዝላችሁ፤ እናንተም አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጫፉን በጣታችሁ ለመንካት ሞክሩ። ሳቅ እሰማለሁ፤ የሳተው ብዙ ነው ማለት ነው።

ሁለቱ ዓይኖቻችን 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚራራቁ አንዱን ነገር በየራሳቸው አቅጣጫ ያያሉ፤ አእምሮም ከሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት ርቀትን ያወጣል። ይህ ችሎታ ይበልጥ የሚጠቅመው እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው። ቡታጅራ ቆመን የዘቢዳርን ተራራ ስንመለከት ሁለተኛው ዓይን እምብዛም አይረዳንም፤ የፊቱ ሸንተረር የኋላውን ይጋርዳል፣ የሩቁም በጭጋግ ይደበዝዛል፤ ርቀቱን የምናውቀው በዚህ ነው።

ከርቀት የሚታዘዝ የሮቦት ክንድ በአንድ ካሜራ ሲመራ ግን፣ እጅ በሚደርስበት ሥራ ላይ አንድ ዓይን ጨፈንን ማለት ነው። ይህን ሳላስተውል የሠራሁትን ስሕተት ልናዘዝ። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ተማሪ ከመጋረጃ ማዶ ያለውን ክንድ በቴሌቪዥን እያየ ብርጭቆ እንዲያነሣ አዘዝሁት። ሦስት ጊዜ አየር ጨበጠ፤ በአራተኛው ብርጭቆውን ሰበረው። እኔም እጁ ያልተገራ ነው ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ተቀምጬ ብሞክረው እኔም አየር ጨበጥሁ። ነጥቡን አስተካከልሁለት፤ ልጁ ግን ሌላ የትምህርት ክፍል መርጦ ሄዶ ነበር።

መድኃኒቱ ሁልጊዜ ውድ አይደለም። በጎን የቆመ መብራት የክንዱን ጥላ በጠረጴዛው ላይ ይጥላል፤ የክንዱ ጫፍና የጥላው ጫፍ ሲገናኙ ጠረጴዛው ተነካ ማለት ነው። ከጎን የተተከለ ሁለተኛ ካሜራም ከፊት የማይታየውን ክፍተት ያሳያል። ጥንድ ካሜራ ለየዓይኑ የየራሱን ሥዕል ሲሰጥ ደግሞ ይበልጣል፤ ዳሩ ግን በካሜራዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከዓይኖቻችን ሲሰፋ ጥልቀቱ ይጋነናል፣ ዕቃውም አሻንጉሊት ይመስላል።

ካሜራውን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስም ይረዳል፤ ሥዕሉ ሳይዘገይ ከደረሰ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 1993 ዓ.ም. ዶክተር ዣክ ማሬስኮ ኒውዮርክ ሆነው ስትራስቡርግ የተኛችን ሕመምተኛ ሐሞት ከረጢት በሮቦት ሲያወጡ፣ መዘግየቱ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ በታች ነበር፤ ለዚህም የተለየ መስመር ተይዞላቸው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ትራኮማ ብዙ ዓይን ባጠፋበት አገራችን አንድ ዓይና ተማሪ ወደ ቤተ ሙከራችን ይመጣል። በአንድ ካሜራ ፊት ከጓደኞቹ እኩል ነው፤ በጥንድ ካሜራ ፊት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ጥንዱን የገዛችሁ ዕለት የጎኑን መብራት አታንሡ።