የካርቡራቶር ቤንዚን መፍሰስ፤ ምክንያቱን ስለ መመርመርና ስለ ማረም

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከጧት ጀምሮ ስለ ግድብና ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች ሲነገር ቆይቶ፣ እኔ ስለ አንዲት የሞተር ሳይክል ካርቡራቶር ለመናገር ብነሣ ፈገግ የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ ከፈጸምኳቸው ስሕተቶች ሁሉ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ እጅግ የተቃረበው በዚህችው በመዳፍ በምትያዝ ዕቃ ላይ የፈጸምኩት ነው። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

የዕቃዋ አሠራር ለእናንተ አዲስ አይደለም። ሁንጋሪያውያኑ ባንኪና ቾንካ እ.ኤ.አ. በ1893 የባለቤትነት መብት ካስመዘገቡላት፣ ጀርመናዊው ማይባኽም በዚያው ዘመን በራሱ መንገድ ከደረሰባት ወዲህ መሠረታዊው አሳብ ብዙ አልተለወጠም። ከሰልባትዮው በገዛ ክብደቱ የሚወርደው ቤንዚን በታችኛው ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። ቤንዚኑ ከፍ ባለ መጠን ሠራተኞቻችን ጋላጃንቴ የሚሉት ተንሳፋፊ አብሮ ይነሣል፤ በክንዱ ላይ ያለችውም ምላስ ሾጣጣዋን መርፌ ወደ መቀመጫዋ ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። ሞተሩ ቤንዚን ሲጠጣ ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ መግቢያውም እንደገና ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ስሌት ላቅርብ። ሰልባትዮው ከመርፌዋ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ የመቀመጫዋም ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ በመርፌዋ ጫፍ ላይ የሚያርፈው የቤንዚን ዐምድ ክብደት 0.7 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ጋር የሚታገለው የተንሳፋፊው ኃይልም የዚያኑ ያህል ለስላሳ ነው። ከሰልባትዮ የረገፈች አንዲት የዝገት ቅንጣት ወይም በገጠር መንገድ ላይ የገባ አቧራ ሚዛኑን ለማናጋት የሚበቃው ስለዚህ ነው። ቤንዚን ሲፈስስ ባየን ቁጥር መርፌዋን የምንወነጅለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙውን ጊዜም አንሳሳትም። እኔን ያጠፋኝ ይህ «ብዙውን ጊዜ» የሚሉት ነገር ነው።

በ2007 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ በአንድ የክልል ጋራዥ የጥገና ክፍል ኀላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ የክትባት ባለሙያ ባለ 100 ሲሲ ሞተር ሳይክሉን ቤንዚን ትጥላለች ብሎ አመጣ። ካርቡራቶሯን አስፈትቼ አስጸዳሁ። በሳምንቱ ተመለሰ። መርፌዋንና መቀመጫዋን በአዲስ አስለወጥኩ። እንደገና ተመለሰ። የተንሳፋፊውን ከፍታ በራሴ እጅ ለክቼ አስተካከልኩ። በሦስቱም ጊዜ ሞተሯን በመካከለኛው ማቆሚያ ቀጥ አድርጌ አቁሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አየኋት፤ ጠብታ አልነበረም። ፈርሜም ሰደድኳት።

ሰውዬው በሁለተኛው ጊዜ «ኢንጂነር፣ እዚህ አትፈስስም እኮ፤ እቤት በጎን ሳቆማት ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም «ሩቢኔቱን ሳይዘጉ ይሆናላ» ብዬ መለስኩለት። አጠገቤ የነበሩት አንጋፋ መካኒክ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም። ሩቢኔቱ ራሱ ዕድሜውን ጨርሶ፣ ቢዘጋም እንደሚያንጠባጥብ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሞተሯ የምታድረው በጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት ነበር። በዚያው ክፍል በነጭ ጋዝ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ነበር፤ ከሥሩም ሌሊትና ቀን የማይጠፋ ነበልባል ይነድዳል። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንንም፤ ወለል ለወለል ይሳባል። ከአየር ጋር ሲደባለቅም 1.4 በመቶ ያህል ሲደርስ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። የጥበቃው ሠራተኛ በሌሊት ሽታ ቢሸተው ፋኖሱን ከደጅ አስቀምጦ በጨለማ ገባና ሞተሯን እየገፋ አወጣት። ፋኖሱን ውጭ እንዲያኖር ማን እንዳስተማረው ጠይቄው ነበር፤ «ማን ያስተምረኛል» ብሎ ሳቀ።

በአራተኛው ጊዜ ሞተሯ በፒክአፕ ተጭና መጣች። ባለሙያው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። በዚህ ጊዜ እንዳለኝ በጎን ማቆሚያዋ አዘንብዬ አቆምኳት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ በሳህኑ ሥር ካለችው የትርፍ መውረጃ ቱቦ መንጠባጠብ ጀመረ። ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ከማፍሰሻው ጋር አያይዤ በሳህኑ ጎን ሽቅብ ያዝኩና ማፍሰሻውን ከፈትኩ፤ የቤንዚኑ ልክ መመሪያው ካዘዘው አላለፈም። ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚፈስስ ከሆነ መርፌዋ ንጹሕ ናት ማለት ነው። ሳህኑን ፈትቼ ለብቻው በቤንዚን እስከ ልኩ ሞላሁና ጠረጴዛ ላይ አዘነበልኩት። ተንጠባጠበ። በሳህኑ ውስጥ ሽቅብ የቆመችው የናስ ቱቦ ከጫፏ ዝቅ ብሎ፣ በዘነበለችበት ወገን፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተሰንጥቃለች። ቀጥ ስትል ቤንዚኑ ስንጥቁን አይደርስበትም፤ ስታዘነብል ያጥለቀልቀዋል። ከሳህኑ በወጣው ልክ ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ መርፌዋም ሥራዋን በታማኝነት እየሠራች ሌላ ቤንዚን ታስገባለች። ሰልባትዮው እስኪራቆት ድረስ ማለት ነው።

ምትክ ሳህን በመጋዘን አልነበረም። ሳህኑን አጥበን፣ በነፋስ አድርቀን፣ የቤንዚን ሽታ መጥፋቱን ካረጋገጥን በኋላ ስንጥቁን በቀጭን የቆርቆሮ ብየዳ ደፈንነው፤ እንደ ተዘነበለ ሞልተን አሳደርነው። የሩቢኔቱንም ጎማ ለወጥን።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልለፍ። የትርፍ ቱቦው ደረቅ ሆኖ የሳህኑ ዙሪያ ከረጠበ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ ወይም የማፍሰሻው ቡሎን ነው። መርፌዋ ጫፍ ላይ ጥፍር የሚይዘው ቀለበት መሰል ጭረት ካለ ትጣል፤ የናሱን መቀመጫ ግን በካቻቢቴ የሚፍቅ ሠራተኛ ካያችሁ እጁን ያዙት። ናስ ተንሳፋፊ ሲናወጥ ቤንዚን ከተሰማበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከር፤ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። ውስጡ ባዶ ሳይሆን ግን ብየዳ አይቅረበው። ከፍታው ሲለካ ካርቡራቶሩን አዘንብሎ፣ ምላሷ የመርፌዋን ባለ ሞላ ጫፍ ነክታ ሳትጫነው መሆን አለበት። ሌሊቱን ሙሉ የፈሰሰ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ ይሽተት፤ ቤንዚን ወደ ሲሊንደር ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖት ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ «ከፍታው ነው» የሚል ምክንያት ብዙ እሰማለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሳህኑ ውስጥ በመተንፈሻው ከውጭው አየር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ከፍታ የቤንዚኑን ልክ ከፍ አያደርግም። ጠብታ መሬት ላይ ከታየ ተራራውን አትውቀሱ።

ከዚያ ወዲህ በጋራዡ የሥራ ትእዛዝ ወረቀት ላይ፣ ከመካኒኩ አስተያየት በላይ፣ «የአሽከርካሪው ቃል» የሚል አንድ መስመር አስገባሁ። የመጀመሪያውን የሞላው ያው የክትባት ባለሙያ ነው። «በጎን ስትቆም ብቻ» ብሎ ጻፈ።